ግልጽ ደብዳቤ፦ አርብ ማታ ከቀፊራ ሳቢያን ላደረሰኝ ባጃጅ ነጂ፣ በዛውም ለድሬ ህዝብ በሙሉ

ጉዳዩ፦ የጠፋ የመኪና ቁልፍን (እና አብሮት የነበረ ሌላ ቁልፍን) ይመለከታል

ሰላም አቦ፣ እንዴት ነህ? ስምህን አልጠየቅኩህም፣ ታርጋህንም አላየሁም፣ ያየሁት ጀርባህን ብቻ ነው፣ አንገትህ ላይ ሰማያዊ ፎጣ ጣል አርገህ ነበር። በግንቦት ማታ ድሬ ላይ አንገቱ ላይ ፎጣ ያላረገ ባጃጅ ነጂ ማን አለ ብትለኝ መልስ የለኝም፣ ለዛ ነው ደብዳቤውን ግልጽ አርጌ ለሁላችሁም የጻፍኩት፣ አንተ ባታየው ጓደኛህ ያየዋል፣ ጓደኛህ ባያየው ተራ አስከባሪው ያየዋል። እኔ ባለፈው አርብ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፌስታል ሳምቡሳና ሁለት ትልልቅ በረዶ ይዤ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን የተሳፈርኩት ሰውዬ ነኝ። በረዶው እየቀለጠ መቀመጫህን ሲያበሰብሰው ዞር ብለህ "አቦ ባጃጄን ዋና ልታስተምራት ነው እንዴ" ያልከኝ። አሁን አስታወስከኝ?

ቁልፌ የጠፋው በዛ መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እርግጠኛ ነኝ አላልኩም፣ አምናለሁ ነው ያልኩት። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያልፈተሽነው ቦታ የለም፣ ሰሌኑን አራግፈናል፣ የበረዶውን ባልዲ ደፍተናል፣ የእህቴ ትንሹ ልጅ አፍ ሳይቀር በስልክ መብራት ታይቷል (ገና ሁለት ዓመቱ ነው ግን ሪከርድ አለበት፣ ባለፈው ሲም ካርድ ተገኝቶበታል)።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አስራ አምስት ዓመት ሞላት፣ ለልደትሽ ምን ልግዛልሽ ስላት ምንም አልፈልግም፣ የዋን ፒስን ላይቭ አክሽን (የጃፓኑን ካርቱን በእውነተኛ ሰው የሰሩትን) በትልቁ ማየት ነው ምፈልገው አለችኝ። ልጅቷ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ማለት ነው፣ ታያለች ማለት ያንሳል፣ አኒሜ ውስጥ ነው ምታድረው፣ የደብተሯ የኋላ ገጽ ሁሉ የገለባ ባርኔጣ ያረገ ልጅ ነው፣ የሂሳብ አስተማሪዋ ሳይቀር ሉፊ ማን እንደሆነ አውቋል። እሺ አልኩ። ሰርግ ሚቀርጽ ጓደኛ አለኝ፣ በግንቦት ሚያገባ ሰው ስለሌለ ፕሮጀክተሩ ስራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ተዋስኩት። እህቴ ግቢ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፣ የሰፈሩ ልጆች ሰሌን ላይ ተደረደሩ፣ ፕሮጀክተሩ ግን በየትኛውም ጠረጴዛ ልክ አልመጣ አለ፣ አንዱ ያጥራል አንዱ ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ የኔ ቪትዝ ኮፈን ላይ ተቀመጠ፣ ከስሩ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ገባለትና ምስሉ ቀጥ አለ። ከዛ በኋላ መኪናዋ ንክች እንዳትል ተባለ። ስለዚ ሁለተኛው ክፍል አልቆ ልጆቹ በረዶ በረዶ ሲሉ እኔ መኪና እያለኝ በባጃጅ ወጣሁ ማለት ነው።

እንግዲህ እዚጋ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። በሙቀቱ ምክንያት ሱሪዬን አውልቄ ሽርጥ አገልድሜ ነበር። ሽርጥ አገልድማችሁ የማታውቁ የደጋ ሰዎች ይህን ምታነቡ ካላችሁ፣ ሽርጥ ኪስ የለውም፣ ወገብህ ላይ ጠቅለል ጠቅለል አርገህ ጥቅልሉ ውስጥ ብርህንም ስልክህንም ትሸጉጣለህ፣ እኔም ቁልፌን እዛው ሸጎጥኩ። "መኪናው እንደሆነ ማይንቀሳቀስ፣ ቁልፉን ለምን ይዘኸው ወጣህ?" ብላ እናቴ መቶ ጊዜ ጠይቃኛለች፣ መልስ የለኝም፣ አመል ነው፣ ቁልፍ ሳልይዝ ከወጣሁ ጫማ ሳላደርግ የወጣሁ ነው ሚመስለኝ። አንተ ባጃጅ ላይ ስወጣ ነበረ፣ ምክንያቱም ስቀመጥ ወገቤን ወግቶኝ ገፋ አርጌዋለሁ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ያቺን ጉድጓድ ስትዘል እኔ በረዶውን ነበር በሁለት እጄ የያዝኩት፣ ስወርድ ሂሳብ የከፈልኩህ በእጄ ከያዝኩት ብር ነው፣ ወገቤን አልነካሁም። ከዛ በኋላ ያለው ጨለማ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፣ ለምን እንደምመለስ ኋላ ይገባሃል። እኔ ላይቭ አክሽን ሚባል ነገር ላይ ቂም አለኝ። የኔ እድሜ የድሬ ልጅ ካርቱን ያየው በአረብኛ ነው፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ፣ ስፔስቱን ሚባል የካርቱን ጣቢያ፣ አንድም ቃል ሳይገባን የመግቢያ ዘፈኑን በቃላችን ምንወጣው። ካፒቴን ማጂድን ምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ጃፓኖቹ ካፒቴን ጹባሳ ነው ሚሉት አሉ፣ ሜዳው ከድሬ እስከ ሐረር ይደርሳል፣ ልጁ ኳሷን ይዞ መሮጥ ይጀምራል፣ ጎሉ አይታይም፣ እየሮጠ ልጅነቱን ያስታውሳል፣ አሰልጣኙን ያስታውሳል፣ ክፍሉ ያልቃል፣ ኳሷን ገና አልመታትም። እኛ ደሞ ነገ እስኪደርስ እንቅልፍ የለም። ይሄን አሁን በሰው ስሩት ብትባሉ እንዴት ትሰሩታላችሁ? ሜዳ በስዕል ነው ሚለጠጠው፣ ሰው ሳር ላይ ሲሮጥ መቶ ሜትሩ መቶ ሜትር ነው። የስዕል ሰው ሲናደድ ጭንቅላቱ እጥፍ ቢያክል ተናደደ እንላለን፣ ሰው ግን ፊቱን እንደዛ ሊያደርግ ሲሞክር ጥርሱን ያመመው ነው ሚመስለው።

ለዚህም ነው ብዙዎቹ የከሸፉት። በፈረንጆች 2009 ድራጎንቦል ኢቮሉሽን ሚባል ወጣ፣ ዋናውን ጀግና ጎኩን አሜሪካ ሃይስኩል አስገቡት፣ ወላሂ ያንን አይቼ የወጣሁ ቀን የዘመድ ለቅሶ ደርሼ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ራሱ በ2016 አድናቂዎችን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ኔትፍሊክስ በ2017 ዴዝ ኖትን ወስዶ አሜሪካ ሲያትል አስገባው። በ2021 ደሞ ካውቦይ ቢቦፕን በ10 ክፍል ለቀቀው፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቀጣይ ሲዝን የለም ተባለ። ፍትሃዊ ለመሆን ጃፓኖቹ ራሳቸው በ2012 የሰሩት ሩሮኒ ኬንሺን ጥሩ ነው፣ እሱ ግን ሰይፍ ነው፣ ሰይፍ ሰው ይችላል። ዋን ፒስ ላይ ያለው ልጅ እኮ ጎማ ነው! እጁ እንደ ካላማንደሪያ ነው ሚለጠጠው። እና "ይሄንን በሰው ሰርተው ሊያሳዩኝ?" ብዬ ቡናዬን ይዤ ለመሳቅ ነው የተቀመጥኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ስናይ ልጅቷ ከፊት ቆማ ታስተረጉማለች፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለትንንሾቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ከኋላ ደሞ አንድ ልጅ በሶማሊኛ ለእህቱ ይደግምላታል፣ በቃ ድሬ። ቀንድ አውጣ ስልክ አለ እዛ ውስጥ፣ አሻንጉሊት ነው፣ ሲደወል አይኑን ይገልጣል፣ ልጆቹ ሰሌኑ ላይ ተንከባለሉ። ወደ ባርኔጣው ስንደርስ ግን ዝም አሉ። ሻንክስ ሚባለው የባህር ወንበዴ ነው ለትንሹ ሉፊ የገለባ ባርኔጣውን ሚሰጠው፣ ትልቅ ወንበዴ ስትሆን ትመልስልኛለህ ብሎ። (የሻንክስ ጸጉር ዊግ መሆኑ ከሐረር ይታያል፣ እሱን አልደብቅም።) ታድያ ልጅቷ ይሄንን ለህጻናቱ ስትተረጉም "ስጦታ" አላለችም። "ባርኔጣውን አደራ ሰጠው" አለች። ጃፓንኛው ምን እንደሚል አላውቅም፣ እሷ ግን እንደዛ አለች፣ እናቴም በሩ ላይ ቆማ ሳምቡሳ ሚባል ነገር የለም እንዴ እያለች የነበረችው ዞር ብላ "አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" ብላ ገባች።

ከዛ ነው በረዶ ልገዛ የወጣሁት። ተመለስኩ፣ ሦስተኛውን ክፍል አየን፣ ልክ ሲያልቅ መብራት ሄደ። ጨለማ። ልጆቹ በየቤታቸው ተበተኑ፣ እኔም ልሂድ ብዬ ወገቤን ስዳብስ ባዶ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሰው ቁልፍ ሲጠፋበት መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ ያየበትን ቦታ ደግሞ ያያል፣ ከዛ ሰው ይጠረጥራል፣ ከዛ ይሳላል። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጧፍ ተሳለች፣ ሐምሌ 19 ሩቅ አይደለም አለች። ጎረቤት ያሉት እናት "ያ ረቢ" እያሉ ፋኖስ ይዘው ከአጥር ማዶ መጡ። ሁለት ትልልቅ ልጆች ተመልሰው መጥተው ሀብት ፍለጋ ነው ብለው አሸዋውን በእጃቸው ማበጠር ጀመሩ፣ አንደኛው "ናሚ ብትኖር እኮ ያለ ቁልፍ ታስነሳልህ ነበር" አለኝ፣ ናሚ ሌባዋ ናት። እስከ ሰባት ሰዓት ፈለግን። አስር ብር፣ አንድ የጆሮ ጉትቻ (እህቴ ከፋሲካ ጀምሮ ምትፈልገው) እና ሦስት ብይ ተገኘ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሄድኩ። ልጁ ትንሽ ልጅ ነው፣ ግን ስራውን ያውቃል፣ ግቢ ድረስ መጥቶ የበሩን መቆለፊያ አይቶ ቀርጾ አመጣ። በሩ ተከፈተ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ገባሁ፣ አዞርኩ፣ ዳሽቦርዱ በራ፣ ሞተሩ ግን እህህ እህህ ብሎ እምቢ። ደገምኩ፣ እምቢ። ልጁ መስኮቱ ላይ ተደግፎ እያየኝ "ጋሼ አትልፋ" አለኝ። "ቅርጹን ነው የቀረጽኩልህ፣ ቺፕ የለውም።" እና አስረዳኝ፣ ኦሪጅናሉ ቁልፍ ጭንቅላት ውስጥ ሩዝ ምታክል ቺፕ አለች፣ ባትሪ ምናምን የላትም፣ ቁልፉ ሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የሽቦ ጥቅል አለ፣ እሱ ነው ኃይል ሚሰጣት፣ ስታገኝ ቁጥሯን ለመኪናው ኮምፒውተር ትናገራለች፣ ኮምፒውተሩ ካወቃት ያስነሳል፣ ካላወቃት ጥርሱ አንድ በአንድ ቢገጥምም መኪናው አይነሳም። ሁለቱም ኦሪጅናል ቁልፎች ከሌሉህ ደሞ ላፕቶፕ ያለው ሰው መጥቶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አዲሷን ቺፕ ማስተዋወቅ አለበት። ሁለተኛዋ ኦሪጅናል የት አለች እንዳትሉኝ፣ መኪናዋን ስገዛ አንድ ብቻ ነው የመጣው፣ "ስፔሩን እልክልሃለሁ" ያለኝ ሰውዬ እስካሁን እየላከ ነው።

እንግዲህ ይሄ ልጅ የቁልፍ ነገር እያወራልኝ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ድራጎንቦል ነው ሚሄደው። ጸጉሩን ቀረጹ፣ ልብሱን ቀረጹ፣ በሩም ተከፈተላቸው፣ ሰው ሲኒማ ገባ፣ ሞተሩ ግን እህህ እህህ። ለልጅቷ ስነግራት ደስ ብሏት በደብተሯ ጻፈችው፣ ከዛ ግን "ዋን ፒሱስ ታድያ ለምን ተነሳ?" ብላ ጠየቀችኝና ዝም አልኩ። ገና ሦስት ክፍል ነው ያየሁት።

መልሱን ያገኘሁት ቁልፌ በመጥፋቱ ነው፣ እሱን ላንተም ልመርቅልህ። ባለ ላፕቶፑ ሰውዬ ሌላ ከተማ ስራ ሄዶ እስከ ማክሰኞ አይመጣም ተባለ፣ ስለዚ ቪትዟ ለአራት ቀን የፕሮጀክተር ጠረጴዛ ሆነች፣ ልጆቹም በየማታው መጡ። 8ቱንም ክፍል ጨረስን። አኒሜው ከ40 ክፍል በላይ የፈጀበትን ነው በ8 የጨረሱት፣ ብዙ ነገር ዘለዋል፣ ልጅቷ በየመሃሉ "ይሄ እኮ ቀርቷል፣ ይሄ እኮ እንደዚ አልነበረም" እያለች ጸጉሯን ትነጫለች፣ ጎማው እጅ ደሞ አንዳንድ ቦታ ላስቲክ ሳይሆን ማስቲካ ይመስላል። ግን ሉፊን ሚሰራው የሜክሲኮ ልጅ፣ ኢኛኪ ጎዶይ ነው ስሙ፣ ሲስቅ ያምናል። እኛ ሳናምን እሱ ያምናል፣ ከዛ እኛም እናምናለን። መርከቧን ደሞ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ላይ በሙሉ መጠኗ ሰርተዋታል፣ ሰው ሲረግጣት ትጮሃለች። እና ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው፣ ናሚ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች እርዳኝ ስትለው ሉፊ ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት። ያንን ማንም ሲነካበት አይወድ የነበረውን ባርኔጣ። ግቢው ውስጥ ሃያ ልጅ አለ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ አልተሰማም። አደራውን ለሷ አደራ ሰጣት፣ ልጅቷም አልተረጎመችውም፣ መተርጎም ረሳች።

ኋላ ላይ ያወቅኩት ነገር አለ፣ የማንጋው (ካርቱኑ የተወሰደበት የስዕል መጽሐፍ) ደራሲ ኤይቺሮ ኦዳ፣ ከፈረንጆቹ 1997 ጀምሮ ይሄንን ታሪክ እየሳለ ያለው ሰውዬ፣ ተከታታዩ ሳይወጣ በፊት በ2023 ግንቦት አካባቢ ለአድናቂዎቹ ልክ እንደኔ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እኔ ረካሁ እስክል ድረስ ኔትፍሊክሶች እንደማይለቁት ተስማምተውልኛል ብሎ። በነሐሴ መጨረሻ ነው የወጣው። እንግዲህ ቺፑን ማን እንደያዘው ገባኝ።

አሁን ደሞ ለድሬ ህዝብ ወደምለው ልምጣ፣ አንተም ስማ ግን።

ሰኞ ዕለት ስሙን ማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ የጠፋ ዕቃ ላስመዘግብ። ወረፋ ያዝኩ፣ ደረሰኝ፣ ምን ጠፋህ፣ ቁልፍ። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መታወቂያ ከሆነ እንጽፋለን፣ መንጃ ፈቃድ ከሆነ እንጽፋለን፣ ታርጋ ከሆነ እንጽፋለን፣ ቁልፍ ግን ምን ብለን እንጽፋለን? አለኝ። ቁልፍ ብላችሁ ጻፉት አልኩ። ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል፣ ቬንቲሌተሩም ወደሱ አይዞርም። ከዛ ግን ትንሽ አሰብ አረገና የታችኛውን መሳቢያ ሳበው፣ ከበደውና በእግሩ ገፋ አርጎ እንደገና ሳበው። "ካለህ ውሰድ" አለኝ።

ሙሉ መሳቢያ ቁልፍ! ያገኘ ሰው ሁሉ እያመጣ የጣለው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀይ ክር የታሰረ አለ፣ በህጻን የጫማ ማሰሪያ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል የተሰራ አለ፣ የልጅ መሆኑ ክሩ ላይ ካለው የማርማላታ እድፍ ይታወቃል። የሱቅ መዝጊያ ረጅም ቁልፍ አለ፣ እሱ የጠፋበት ሰው ያን ቀን ሱቁን እንዴት እንደከፈተ እንጃ። የመቁጠሪያ ዶቃ የታሰረበት አለ፣ ማሪያም ምስል ያለበት አለ፣ የሞተር ሳይክል፣ የሻንጣ፣ የጠረጴዛ መሳቢያ ምናምን። አንዱ ላይ በፕላስተር "ትንሿ ክፍል" ተብሎ ተጽፏል። አንድ በአንድ አየሁ፣ የኔ የለም። እነዚህን ሰው አይመጣም እንዴ ሚፈልጋቸው አልኩት። "መታወቂያ ሲጠፋበት ነው ሰው እዚ ሚመጣው" አለኝ፣ "ቁልፍ ሲጠፋበት ቁልፉን ይቀይራል።"

እኔ በሰውየው አልፈርድም፣ መዝገብ የለውም፣ ትዕዛዝ የለውም። ግን አያችሁ ነገሩን? ያገኘው ሰው አምኖ ያመጣል፣ የጠፋበት ሰው እዛ አለ ብሎ አያስብም፣ ሁለቱ አይገናኙም፣ መሳቢያው ይከብዳል። መብራት ምሰሶ ላይ "ያገኘ ወሮታውን እከፍላለሁ" ብሎ መለጠፍም አለ፣ ለጥፌያለሁም፣ ማግስቱን በላዬ ላይ ሚከራይ ቤት ተለጠፈበት።

ስለዚ ምጠይቃችሁ ቢሮ ክፈቱ አይደለም፣ ቢሮ ሲከፈት ደሞ ማህተም ይመጣል። ምጠይቃችሁ ሚስማር ነው። ባለ ሱቆች፣ በራችሁ ላይ ካርድ ምትሰቅሉበት ጎን አንድ ሚስማር ምቱልን፣ ሰው ቁልፍ መንገድ ላይ ካገኘ እዛው ያገኘበት ቦታ አጠገብ ያለው ሱቅ ሚስማር ላይ ይስቀለው፣ ሩቅ አይውሰደው፣ ቢሮም አይውሰደው፣ ምክንያቱም ቁልፍ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ሚያረገው የሄደበትን መንገድ ተመልሶ መሄድ ነው፣ እኔም እሁድ ጠዋት ከሳቢያን በከዚራ አርጌ እስከ ቀፊራ መሬት መሬት እያየሁ በእግሬ ሄጃለሁ፣ ስንቱን ሱቅ አለፍኩ። ባጃጆች ደሞ ማታ ስትገቡ መቀመጫውን አንስታችሁ እዩ፣ ያገኛችሁትን ነዳጅ ምትቀዱበት አካባቢ ላለው ሱቅ ስጡ። ሌባ ይወስደዋል ምትሉ፣ ሌባ የማን በር እንደሆነ በምን ያውቃል? ስም የለበት፣ አድራሻ የለበት። "ትንሿ ክፍል" ሚለውን ይዞ የትኛዋ ትንሽ ክፍል ይሄዳል?

አሁን ወንድሜ ወዳንተ ልመለስ። ማክሰኞ ባለ ላፕቶፑ መጥቶ አዲስ ቁልፍ በቺፑ ተሰራልኝ፣ የወር ደሞዜን ግማሽ ሊወስድ ትንሽ ነው የቀረው፣ አሮጌዋንም ከኮምፒውተሩ አስጠፋኋት፣ ስለዚ ያንተ ጋ ያለችው የመኪና ቁልፍ ከአሁን በኋላ በር ከመክፈት ውጪ ምንም አታስነሳም። እሷን ጣላት ከፈለግክ። እኔ ምፈልገው ከሷ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ያለችውን ሌላዋን ነው። ትንሽ ናት፣ የቆየ የጓጉንቸር ቁልፍ ናት፣ ነሐስ ነገር፣ ጥርሷ ተበልቶ ልሙጥ ሊሆን ደርሷል፣ ጭንቅላቷ ላይ በሚስማር የተጫረ መስመር አለ።

አባቴ ሽማንደፈር ጋራዥ ነበር ሚሰራው። ባቡሩ እያለ። የመሳሪያ ሳጥኑ ቁልፍ ናት። ሳጥኑ ደቻቱ ዳር በነበርንበት ቤት አልጋው ስር ነበር ሚቀመጠው፣ በ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ ከነግድግዳው ሄደ፣ እኛ ጣሪያ ላይ ነበርን። ያን ሌሊት ከሁለት መቶ ሰው በላይ ነው የሞተው፣ ከጎረቤቶቻችን ያልተገኙ አሉ፣ እና አባቴ የሰው ነፍስ በሄደበት ስለ ሳጥን ማውራት ነውር ነው ብሎ አንድም ቀን ስለሱ አንስቶ አያውቅም። ቁልፉን ግን አልጣለም። ሊያርፍ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ ከዛ ለኔ ሰጠኝ፣ ምን ልክፈትበት ስለው "ያዛት" አለኝ፣ በቃ። እኔም የመኪናዬ ቁልፍ ላይ አሰርኳት፣ ይኸው ስምንት ዓመት። ምንም አትከፍትም። ቀራጩ ልጅ እንደሷ ያለ ልቅረጽልህ ወይ ብሎኛል፣ በደግነት ነው ያለው።

ሰው ይዞት ከተገኘ ምን ምን እንደሆነ አልጠይቅም፣ የት ቆየ አልልም። ሳቢያን ያወረድከኝ መታጠፊያ ላይ ያለው ሱቅ ሰኞ ዕለት ሚስማር መቷል፣ በሩ በስተቀኝ፣ ከስልክ ካርዱ በታች፣ እዛ ሰቅለኸው ሂድ። ወሮታ ካልክ ወሮታ አለ፣ ሳምቡሳ ካልክ ሳምቡሳ አለ፣ ሁለተኛውን ሲዝን ለማየት ፕሮጀክተሩ ሰርግ ሳይመጣበት ልንዋሰው ነው፣ ቾፐር ሚባል ዶክተር የሆነ አጋዘን ይመጣል፣ ልጆቹ እንዴት በእውን ይሰሩታል ብለው ከአሁኑ እየተጣሉ ነው፣ መጥተህ ሰሌን ላይ መቀመጥ ትችላለህ፣ ፎጣህን ይዘህ።

አንድ ነገር ብቻ። አሁን ሳስበው ባጃጅህ የኋላ መቀመጫ በግራ በኩል ስፌቱ ተቀዶ ስፖንጁ ይታይ ነበር፣ እኔ የተቀመጥኩት እዛጋ ነው፣ በረዶውም የቀለጠው እዛው ላይ ነው። እስቲ እባክህ እጅህን ወደ ውስጥ ክተትና ዳብስልኝ።